በር ተዘግቶ የሚነገር ነገር

(በደብረ ብርሃን ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የተሰጠን ርእስ «የስሜት ችግሮችና የሕክምናቸው መንገድ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። በዚህ ንግግር ውስጥ የአንድም ተፈናቃይ ታሪክ አንነግራችሁም። እንዲህ ያለ ንግግር ሲጀመር «አንዲት እናት ነበረች» ብሎ መነሳት የተለመደ መሆኑን እናውቃለን፤ አድማጭም ይህን ይጠብቃል። የማንነግርበትን ምክንያት ወደ ኋላ እናመጣዋለን።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት። ባለፉት ዓመታት ግን ስሟ የሚነሳው በሌላ ነገር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠል የሸሹ ሰዎች ወደዚህ መጡ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ደግሞ ከወሎና ከሰሜን ሸዋ ቆላ የሸሸው ሕዝብ ከተማዋን ሞላት፤ የከተማው ነዋሪ ራሱ «እንውጣ ወይስ እንቆይ» እያለ ዕቃውን ሲጠቀልልና ሲፈታ የሰነበተበት ወር ነበር። ከወለጋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የተፈናቀሉት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ቻይና ካምፕና ወይንሸት በሚባሉት መጠለያዎችና በሌሎችም ስፍራዎች ሰፈሩ። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም የሰዓት እላፊ ከተጣለባቸው ከተሞች አንዷ ደብረ ብርሃን ነበረች። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተፈናቃዮቹ ከፊሎቹ ወደ ቀድሞ ቀያቸው እንዲመለሱ ተደርጓል። የሄደውም የቀረውም ግን በልቡ የተሸከመውን ነገር አንድ ቦታ አራግፎ አልሄደም።

እኛ የርዳታና የልማት ሠራተኞች የምንቆጥረው ነገር አናጣም። ስንዴው በኩንታል፣ ዘይቱ በሊትር፣ ብርድ ልብሱ በፍሬ ይቆጠራል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜም የነበረው ሪፖርት እንዲሁ ነበር። የልብ ኀዘን በኩንታል ስለማይመዘን በቅጻችን ላይ ዓምድ የለውም። ይሁን እንጂ በጤና ጣቢያ ተራ ይዞ የሚቀመጠውን ሰው ብትጠይቁት ነገሩ ይገለጣል። «ተጨንቄአለሁ» የሚል ጥቂት ነው። «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤ ትመታለች፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል እንጂ። የጨጓራ መድኃኒት ይሰጠውና ይሄዳል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። በሰፈሩ ሲጠየቅ ደግሞ ጎረቤቱ በአጭሩ «ሐሳብ ነው የያዘው» ይላል። ጎረቤቱ ከብዙዎቻችን የተሻለ መርማሪ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ሁሉ ሕመምተኛ ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች የተካፈሉበት ትልቅ ጥናት፣ ጦርነት ባለፈባቸው አገሮች ከ5 ሰዎች አንዱ ያህል የመንፈስ ጭንቀት፣ ከደረሰበት አደጋ ጋር የተያያዘ የማያቋርጥ ሥጋት፣ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት አስልቷል። ከዚያም ውስጥ ብዙው ቀላል ደረጃ ላይ ያለ ነው። ይህን ቁጥር ሰዎች የሚጠቅሱት ለማስደንገጥ ነው፤ እኛ ግን በሌላው ወገንም እንድታነቡት እንፈልጋለን። ከ5ቱ አራቱ በእንዲህ ያለ መከራ ውስጥ አልፈው የሐኪም ሕመም ሳይያዛቸው ያዝናሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይቆጣሉ፣ ሌሊት ይባንናሉ፤ ከዚያም ዳቦ፣ ጸጥታ፣ የጠፋ ዘመድ ወሬና የሚያስተዛዝን ሰው ሲያገኙ ቀስ በቀስ ይበረታሉ። ኀዘን በሽታ አይደለም።

ነገር ግን ኀዘን ራሱ ሥርዓት ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር። በአገራችን ሰው ሲሞት መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተማክሮ፣ ማልዶ፣ ሰው ሳይበተን ከቤት ደርሶ ይነግራል፤ የሚደግፍ ክንድ በአጠገቡ ይቆማል። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል። ጎረቤት እንጀራና ወጥ፣ ንፍሮና ቡና ይዞ ይመጣል። ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ብዙም አያወሩም። ሟች በስሙ ተጠርቶ ይለቀሳል፤ ሠልስት ይወጣል። አልቃሹ ማንም «በቃህ» ሳይለው እንዲያለቅስ፣ ደግሞም ብቻውን እንዳይቀር የተደረገ ነው። ይህን ያዘጋጁት አባቶችና እናቶች የሥነ ልቡና ትምህርት አልተማሩም፤ ሥራው ግን የዚያው ነው።

አሁን ከወለጋ በሌሊት የወጣውን ሰው አስቡት። ሬሳ ሳይቀብር ወጥቷል። መርዶውን የሰማው በስልክ ነው፤ ምናልባትም በራሽን ሰልፍ ላይ ቆሞ። ዕድሩ ተበትኗል፤ ድንኳኑ ተቃጥሏል። የአልቃሽ ጎረቤቱ ሁሉ የራሱ ሟች አለበት። እንግዲህ ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ «ልቤን ያቃጥለኛል» ቢል ምን ይደንቃል? ስለዚህ በመጠለያ ጣቢያ መጀመሪያ ከሚያስፈልጉት «የስሜት ሕክምናዎች» አንዱ ለቅሶ የሚቀመጡበት ድንኳን ነው ብንል ቀልድ አይደለም። ዕድራቸውን እንደገና እንዲያቋቁሙ ሸራና ድስት መስጠት በበጀታችን ውስጥ «ልዩ ልዩ ወጪ» ተብሎ የሚጻፍ ነገር መሆን የለበትም። (ብርድ ልብስም እንዲሁ ነው። ከሞቃት አገር መጥቶ በደብረ ብርሃን የጥቅምት ብርድ ሌሊቱን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንቅልፍ ባያገኝ ሁሉንም ነገር የልብ ስብራት ነው አንበል።)

መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ ነገር ከእኛ ጋር ነው። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ኤልያስ ሞትን በለመነበት ቀን እግዚአብሔር በተግሣጽ አልጀመረም። አስተኛው፤ መልአክ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንደገና አስተኛው፤ እንደገና አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስንማር የእነዚህ ሰዎች ስሕተት ተነግሮን ነበር፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን ስሕተት አልነበረበትም። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያ አለ። ቀደም ባሉት ዓመታት አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያውኑ በአንድ ጊዜ ስብሰባ ያየውን ሁሉ እንዲዘረዝር ማድረግ ይጠቅማል የሚል አሠራር በዓለም ተስፋፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲመረመር እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ ታየ። በዚህ ምትክ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ወርልድ ቪዥንና አንድ የጦርነት ጉዳተኞች ተቋም በአንድነት ያወጡት መመሪያ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። አደጋ አለ ወይ ብሎ ማየት፤ የሚያወራውን ያህል ብቻ ማዳመጥ፤ ከምግብ፣ ከቤተ ሰብ፣ ከሐኪም ጋር ማገናኘት። ስለዚህ ካሜራና ደብተር ይዞ ድንኳን ገብቶ «የደረሰባችሁን ንገሩን» የሚል ጎብኚ፣ ምንም እንኳ ልቡ ቅን ቢሆን፣ ርዳታ ሰጠ አይባልም።

ይህ ሁሉ ለአራቱ ነው። አምስተኛውስ? ወራት አልፈው ከአልጋ መነሳት ያቃተው፣ ልጇ ሲያለቅስ የማይሰማት፣ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ከአልጋ ሥር የሚገባውስ? ለዚህ ሰው ድንኳንና ቡና ብቻውን አይበቃም፤ በሥራው የሠለጠነ ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ በከተማ ገንዘብ ያለው ሰው ወደሚሄድበት ክፍል ገብተን እንይ።

በአዲስ አበባ ዛሬ የግል የሥነ አእምሮ ክሊኒኮችና የምክር ቢሮዎች አሉ። ብዙ አማኞች ስለዚህ ክፍል ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማሉ። አንዱ «የእብዶች ቦታ ነው» የሚል ነው፤ ሌላው «ፈረንጅ ሃይማኖቱን ሲተው በምትኩ ያቆመው ነው» የሚል ነው። ወደ ውስጥ ብትገቡ የምታገኙት ሁለት ወንበር፣ የግድግዳ ሰዓትና የተዘጋ በር ነው። ሰውየው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ተመላልሶ ይነጋገራል።

የዚህ ነገር ጅምር በቪየና ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1882 ዮሴፍ ብሮየር የተባለ ሐኪም አንዲት ወጣት ሴት ስታወራ ሕመሟ ሲቀልላት አየ፤ ሕክምናው በንግግር መሆኑንም ስም የሰጠችው እርስዋ ራሷ ነበረች። ሲግመንድ ፍሮይድ ይህን ይዞ አስፋፋው። ፍሮይድ ሃይማኖትን እንደ ባዶ ምኞት ቆጥሮታል፤ በዚህ ከእርሱ ጋር አንስማማም፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ የእርሱ ደቀ መዛሙርት አይደሉም። በ1960ዎቹ በአሜሪካ አሮን ቤክ የተባለ ሐኪም፣ በመንፈስ ጭንቀት የተያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ለራሱ «አልረባም፣ ምንም አይለወጥም» እያለ እንደሚደጋግም ተገነዘበ፤ ሐሳቡን ይዞ «እውነት ነው ወይ? ምን ማስረጃ አለህ?» ብሎ እንዲመረምር ያስተምር ጀመር። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ይህ ነው። ካርል ሮጀርስ ደግሞ ወጣት ሳለ በኒው ዮርክ ሁለት ዓመት ነገረ መለኮት ተምሮ ወደ ሥነ ልቡና የዞረ ሰው ነው። እርሱ የደከመው ለአንድ ነገር ነው፤ መካሪው ሳይፈርድና ሳይቸኩል እንዲያዳምጥ። እነዚህ መንገዶች በብዙ ይለያያሉ፤ ሲመዘኑ ግን በሁሉም ውስጥ ክብደት ያለው ነገር በመካሪውና በተመካሪው መካከል ያለው መተማመን ሆኖ ይገኛል።

መተማመኑ ከየት ይመጣል? ከበሩ ነው። በክፍሉ የተነገረው ከክፍሉ አይወጣም። መካሪው ለባልም፣ ለአለቃም፣ ለእናትም አይናገርም። የሰው ሕይወት ለአደጋ ሲጋለጥ ወይም ሕፃን ሲበደል ብቻ ይህ ይቀራል፤ ይህም ከመጀመሪያው ለተመካሪው ይነገረዋል። በከተማ ሰዎች ብዙ ብር ከፍለው የሚገዙት የመካሪውን ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የታመነ ዝምታውንም ነው። ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ጎረቤታችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመን ነፍስ አባት አለው። ሌላው ልዩነታችን እንዳለ ሆኖ፣ ነፍስ አባት የሰማውን እንደማያወራ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኛ ወንጌላውያን ኑዛዜ በቀጥታ ወደ እግዚአብሔር ነው ብለን እናስተምራለን፤ ትምህርቱን የምንለውጠው አይደለም። ይሁንና ወንበሩ ባዶ ሆኗል። በምትኩ የቆሙት ምስክርነትና የጸሎት ርእስ ናቸው፤ ሁለቱም በአብዛኛው በድምፅ ማጉያ የሚነገሩ ናቸው። አንዲት ሴት በጦርነቱ ጊዜ የደረሰባትን ለጸሎት ቡድን መሪ በጆሮ ትነግራለች። መሪዋ ከቅንነት የተነሣ ረቡዕ ዕለት «ስሟን አንጠራም፣ በመከራ ጊዜ ስለተደፈረች አንዲት እህታችን እንጸልይ» ትላለች። ጸሎቱ በእንባ ይጸለያል። አርባ ሰው ባለበት ጉባኤ ግን «አንዲት እህታችን» ማን እንደሆነች ለማወቅ ሁለት ቀን አይፈጅም። ሴትየዋ ሁለተኛ አትናገርም፤ ለሐኪምም ቢሆን። ይህን የጻፍነው የአንድ አጥቢያ ወሬ ይዘን አይደለም፤ ሁላችሁም የምታውቁት አካሄድ ነው።

በዚህ ላይ ዝምታው ሕይወት ያስከፍላል። የተደፈረች ሴት ኤች አይ ቪ እንዳይይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በጉባኤ ወሬዬ ይወጣል ብላ የምትፈራ ሴት ይህ ሰዓት ያልፍባታል። ስለዚህ በየአጥቢያው ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ በዕድሜ የበሰሉና ምስጢር በመጠበቅ የተመሰከረላቸው እንዲመረጡ እንጠይቃለን። በንግግር ችሎታ አትምረጡ፤ በጸሎት ኃይልም ብቻ አትምረጡ። «ምስጢር የምትነግሩት ለማን ነው?» ብላችሁ እናቶችን ለየብቻ ጠይቁ፤ አንድ ስም ተደጋግሞ ይመጣል።

እንዲህ ያለው ሥራ ያለ ሐኪም ይቻላልን? ከዚምባብዌ የመጣውን ምሳሌ እንመልከት። ዲክሰን ቺባንዳ በዚያ አገር ከነበሩት እጅግ ጥቂት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አንዱ ነው። አንዲት ወጣት ታካሚው ወደ እርሱ የምትመጣበት 15 ዶላር የአውቶቡስ መሳፈሪያ አጥታ ሕይወቷን እንዳጠፋች እርሱ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ሐኪሙ ባለበት ሕዝቡ እንዲመጣ መጠበቁን ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ አያቶችን ማሠልጠን ጀመረ። በጤና ጣቢያ ግቢ ከዛፍ ሥር የእንጨት አግዳሚ ተቀመጠ፤ አያቲቱ ከሕመምተኛው ጋር ጎን ለጎን ትቀመጣለች። በሾና ቋንቋ የሕመሙ ስም «ሐሳብ ማብዛት» እንደ ማለት ነው፤ የእኛ ጎረቤት ያለውም ይህንኑ ነበር። አያቲቱ ችግሮቹን አንድ በአንድ ታስዘረዝራለች፤ ከዚያ አንዱን፣ ሊፈታ የሚችለውን አስመርጣ፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያደርግ ራሱ እንዲወስን ትረዳዋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ሲታተም፣ ከስድስት ወር በኋላ በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት ግማሾቹ ገና የመንፈስ ጭንቀት ምልክት ሲታይባቸው፣ ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ግን 14 ከመቶው ብቻ ነበሩ። ሐኪሞች ሲያነቡት የተደነቁበት ቁጥር ነው።

በዚያው በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት በአጭር ሥልጠና ማንኛውም የተመረጠ ሰው ሊሠራበት የሚችል አምስት ጊዜ የሚደረግ የምክር ሥርዓት አሳትሟል። በውስጡ ያሉት ነገሮች አዲስ አይደሉም፤ በዝግታ መተንፈስ፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ከማይፈታው መለየት፣ የተተወውን ሥራ በትንሹ መጀመር፣ ከሰው ጋር መቀራረብ። ከአራቱ ሦስተኛው ለእኛ ለልማት ሠራተኞች የቀረበ ነውና ጥቂት እንቆይበት።

በወለጋ በቆሎና ቡና ያመርት የነበረ ገበሬ፣ ጥማድ በሬ የነበረው አባወራ፣ በመጠለያ ውስጥ ሥራው ሰልፍ መያዝ ሆኗል። ልቡ ስለከበደው አይሠራም፤ ስለማይሠራም ልቡ ይከብደዋል። ይህ ክብ ነው። መካሪዎች የሚሰብሩት «መጀመሪያ ልብህ ይብራ፣ ከዚያ ትሠራለህ» በማለት አይደለም። ተገላቢጦሹን ነው የሚሉት፤ ትንሽ ሥራ ጀምር፣ ልብህ ይከተላል። ጀሪካን ሞልቶ ለአንዲት አሮጊት ማድረስ፣ ሁለት በግ መጠበቅ፣ ቤት ሲሠራ ጭቃ መርገጥ። ስለዚህ ለሥራ የሚከፈል ገንዘብ፣ የሱፍ ፈትል፣ የበግ ማራቢያ ፕሮጀክት ስናቅድ የገቢ ማስገኛ ብቻ አድርገን አንየው። ባለሙያዎቹ በየክሊኒኩ የሚያዝዙትን ነገር በእጃችን ይዘናል። በተቃራኒው ደግሞ ሰው በሰልፍ ስድስት ሰዓት የሚቆምበት፣ ማንም ስሙን የማይጠይቀው የራሽን አሰጣጥ የሕመም ምክንያት ነው። የሰልፉን ሥርዓት ማስተካከል ምንም በጀት አይጠይቅም።

ወደ መድኃኒት እንለፍ። በዚህ ነገር ጉባኤዎቻችን የተከፋፈሉ ስለሆነ ግልጽ እንናገራለን። ድምፅ የሚሰማ፣ የሌለ ነገር የሚያይ፣ ሰው ሊገድለኝ ነው ብሎ ከቤት የሚወጣ ሰው ከምክር በፊት ሐኪም ያስፈልገዋል። የመንፈስ ጭንቀት ሲበረታም ክኒን ይታዘዛል፤ ሥራውን የሚጀምረው ግን ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ «አልረዳኝም» ብለው በአምስተኛው ቀን የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። ይህን አስቀድሞ መንገር የእናንተ ሥራ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ በሽተኛው ያለ ፋታ ተከታታይ ሕመም ይዞት ሊሞት ይችላል። «በእምነት ተፈውሰሃል፣ ክኒኑን ጣለው» የሚል አገልጋይ ይህን ሊያውቅ ይገባል። በጸሎት የተፈወሰ ሰው ፈውሱ ሐኪም ፊት ቀርቦ ቢመረመር አይጠፋም። ሰውን ማሰር፣ ማስራብ፣ ጋኔን ይውጣ ብሎ መምታት ከጸሎት አይቆጠርም።

አገራችን ይህን ሁሉ በሐኪም ብቻ ልትሸፍን አትችልም። ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአእምሮ ሕመምተኛ ለብቻው የሚታከምበት ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ትምህርቱ የሚገኘው ውጭ አገር ነበር። በቡታጅራ በተደረገው ሰፊ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው የማያውቁ ሆነው ተገኙ። ዛሬ ሁኔታው ተሻሽሏል፤ በዚህ በደብረ ብርሃን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። እንዲያም ሆኖ በሰሜን ሸዋ ብዙው ሕመምተኛ ከሆስፒታል ይልቅ በቅድሚያ የሚገኘው በጸበል ቦታ ነው፤ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ሰው ከሩቅ የሚመጣባቸው ናቸው። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ማርያም ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት ተነጋግረው በሽተኛው ጸበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስድ አብረው የሠሩበት ጊዜ አለ። እኛ ወንጌላውያን ከጸበል ጋር ያለንን ልዩነት ለጊዜው ትተን ካህናቱ ያደረጉትን እንይ፤ ሐኪሙን በደጃቸው አስገቡት። የእኛ የጸሎት ቤቶችስ?

ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ አንድ ቃል። ብዙ መሪዎች «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብለው ይፈራሉ። አይገባም። «መኖር ሰልችቶህ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በለሰለሰ ድምፅ፣ በግልጽ ቃል መጠየቅ ሰውየውን ያሳርፈዋል እንጂ አይገፋውም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤት አርቁ፤ ያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። ኃጢአት ነው ብሎ መገሠጽ ለዚያ ሰዓት የሚሆን ንግግር አይደለም፤ መልአኩ ለኤልያስ እንጎቻ ይዞ የመጣበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው እንመለስ፤ ታሪክ የማንነግርበት ምክንያት። ይህን ለእናንተ ለደጋፊዎቻችን እንናገራለን። ከየአጥቢያው የሚመጡ ደብዳቤዎች አንድ ነገር አብዝተው ይጠይቃሉ፤ «የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክና ፎቶግራፍ ላኩልን፤ ምዕመኑ እንዲነካ» ይላሉ። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ፊት ያየ እጁን ይዘረጋል፤ ገንዘብም የሚሰበሰበው በዚህ እንደሆነ እናውቃለን። ግን እስቲ በተዘጋው በር በኩል እንየው። ዘይትና ዱቄት ከሚሰጣት ሰው «ታሪክሽን እንጻፍ ወይ?» ተብላ የተጠየቀች ሴት እንዴት «አይሆንም» ትላለች? ፎቶግራፉ ደግሞ በአንድ አዳራሽ ተለጥፎ አይቀርም፤ በስልክ ዞሮ ዞሮ ወደ ሸሸችበት ወረዳ ይመለሳል። ስለዚህ ድርጅታችን የደረሰባቸውን ግፍ የሚዘረዝር የግለሰብ ታሪክ አይልክላችሁም። የምንልከው ስንት ድንኳን እንደተተከለ፣ ስንት አድማጮች እንደሠለጠኑ፣ ስንት ሰዎች ወደ ሆስፒታል ተሸኝተው ተመልሰው እንደታዩ ነው። ደረቅ ሪፖርት ነው። በደረቁ ሪፖርት እንድትጸልዩና እንድትሰጡ እንለምናችኋለን። በዚህ ምክንያት ስጦታው ቢቀንስም አቋማችን ይህ ነው።

የጸሎት ርእስም እንልካለን፤ ስምና ቦታ፣ ዕድሜና የልጆች ቁጥር የሌለበት። እግዚአብሔር አድራሻ አያጣም።

የአድማጮች ሥልጠና የሚሰጠው ለተመረጡት ብቻ ነው። በቡድን ከአሥራ ሁለት ሰው አይበልጥም፤ ከሥልጠናው በኋላም በየሁለት ሳምንቱ ከአንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋር ይገናኛሉ፤ አድማጭም የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልገዋልና። አጥቢያዎች የምታዋጡት አንድ ክፍል ነው። ዕቃ ቤቱን ለማስለቀቅ አትፍሩ። ሁለት ወንበር፣ የሚዘጋ በር፣ ድምፅ የማያሳልፍ ግድግዳ ይኑረው፤ በሩ ላይ ግን «የምክር ክፍል» ብላችሁ አትጻፉ፤ የገባው ሁሉ ይታወቃልና። የጽሕፈት ቤት ወይም የመጻሕፍት ክፍል ቢባል ይበቃል።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን በጉባኤው ጠይቁ። በጉባኤ የማይነገር ያላችሁ ደግሞ ከሻይ በኋላ ከአዳራሹ በስተጀርባ ባለው መጋዘን እንገኛለን። አንድ በአንድ ግቡ።